ባሌና የመንገድ ጓደኛው

ባሌ ከሌላ ሴት ጋር በእግር መሄድ የጀመረው ሐኪም አዞት ነው። እርግጥ ሐኪሙ ሴት ፈልግ አላለውም። ያለው "ለመጀመሪያው ሰሞን ብቻዎን አይሂዱ፤ የሚያወራዎት ሰው ይያዙ" ነው። ያ ሰው መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ባሌ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከአዲስ ቅዳም ከሰል እየጫነ ሩቅ ከተማ ሲያደርስ ነው የኖረው። ከመኪናው ወርዶ ምግብ ቤት ይገባል፣ ከምግብ ቤት ወጥቶ መኪናው ላይ ይወጣል፤ እግሩ ፍሬንና ነዳጅ ከመርገጥ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጅባራ ቤታችን በር ላይ ባጃጅ ቆመ። ወጥቼ ሳይ እሱ ነው። መኪናውን መንገድ ላይ ለረዳቱ ትቶ ነው የመጣው። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሊያወልቅ ይሞክራል፣ አልሆነለትም። በዚያ ብርድ ላብ በግንባሩ ይወርዳል።

"ደረቴን ድንጋይ የተጫነኝ መሰለኝ" አለኝ። "ያልፋል፤ ትንሽ ልረፍ።"

አላስረፍኩትም። በዚያው ባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ተኝቶ ታከመና ሊወጣ ሲል ወጣቱ ሐኪም ሁለታችንንም አስቀምጦ አስረዳን። የልቡ የደም ሥር ጠቧል፤ የደም ግፊቱም ሳናውቀው ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሯል። መድኃኒቱን አንድም ቀን እንዳያቋርጥ፣ ጨውና ቅባት እንዲቀንስ፣ እስኪፈቀድለት መሪ እንዳይጨብጥ፣ ሲሻለው ደግሞ በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ አዘዘው።

"ምን ያህል ልፍጠን?" አለ ባሌ፣ ነገሩን እንደ መኪና ይዞት።

"እያወሩ መሄድ እስከቻሉ ድረስ። ወሬው ከተቆራረጠብዎት ፍጥነቱን ይቀንሱ። ደረትዎን ካመመዎት ይቁሙና ቶሎ ወደኛ ይምጡ።" ከዚያ ነው ብቻዎን አይሂዱ ያለው። ይህን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

"እኔ አለሁ" አልኩ።

አልነበርኩም። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት አብሬው ወጣሁ። ከዚያ አንድ ማለዳ ባሌ ጋቢውን ጣል አድርጎ በሩ ላይ ሲጠብቀኝ፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አንዱን ጫማ አጥልቄ ሌላው ቀረ። መነሳት አቃተኝ። "ዛሬ ይቅርብኝ፤ ደክሞኛል" አልኩት። በማግስቱም ይኸው ሆነ።

ድካሙ የውሸት አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ። ከዚያ በፊት የልጆቹን ቁርስና ምሳ እሠራለሁ፣ ከዚያ በኋላ የቤቱ ሥራ ይጠብቀኛል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይዋኝብኛል፤ ሻይ በስኳር፣ እንደገና ሻይ በስኳር፣ በዚያ ነው የምቆመው። ከቢሮ ቤቴ ቅርብ ነው፤ እኔ ግን በባጃጅ ነበር የምመላለሰው። እንቅልፍ ተኝቼ ስነሳ ያልተኛሁ ያህል ነበር። ዕድሜ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ሴትዮዋን ያገኛት በሐኪም ቤቱ የክትትል ቀን፣ ወረፋ ላይ ነው። እሷ የስኳር በሽተኛ ናት፤ እሷም ተራመጂ ተብላለች። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇ ዳንግላ አግብታ ትኖራለች። ባሌ ይህን ሁሉ እራት ላይ ሲነግረኝ በደስታ ነበር።

"ሰፈራችን ናት እኮ! ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ከነገ ጀምሮ አብረን ልንወጣ ነው።"

"ጥሩ ነው" አልኩ። ጥሩ ነው ስል ከልቤ ነበር። አንድ ሥራ ተቀነሰልኝ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

በማግስቱ ወጥ ቤት ቆሜ በመስኮቱ አየኋቸው። ጉም መሬቱን ሸፍኖታል። ረዘም ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ባሌ ጎኗ ነው። ጎን ለጎን! ከእኔ ጋር መንገድ ከወጣን እሱ ሁልጊዜ ወደፊት ነው የሚሄደው፣ እኔ ከኋላ። ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም እንደዚያ ነበር። ልማድ ነው ብዬ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ከእሷ ጋር ግን እርምጃውን ከእርምጃዋ አስተካክሎ፣ እጁን እያወናጨፈ እያወራት ነበር። ሽንኩርቱ አረረብኝ።

ወሬው ደግሞ በአዊኛ ነው። ባሌ የተወለደው ከአዘና ወዲያ ገጠር ነው፤ አፉን የፈታው በአዊኛ ነው። እሷም እንደዚሁ። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር ከሰላምታና ለልጅ ከሚባል ጥቂት ቃል በቀር አልተማርኩም፤ ቤታችን ውስጥ አማርኛ ነው። ከእግር መንገዱ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው የመጨረሻዋን ወሬ ያወራሉ። እሱ ይስቃል። ቤት ውስጥ የማላውቀው ሳቅ ነው፣ ከሆድ የሚወጣ። ምን እንዳሳቀው አላውቅም። በሩን ከፍቼ ብሰማም አላውቅም።

እያደር ባሌ አማረበት። ሆዱ ጎደለ፣ ፊቱ ቀላ፣ ሸራ ጫማ ገዛ። ጠዋት ፂሙን እየተላጨ መውጣት ጀመረ። ለእግር መንገድ ፂም ይላጫል? እኔ ጨው የቀነስኩበትን ወጥ "ይህ የሆስፒታል ምግብ ነው" እያለ ሲመልስብኝ የነበረ ሰው፣ አንድ ቀን "ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ብታበዢበት፣ ሎሚም ብትጨምሪበት ጨው አያስፈልገውም" አለኝ።

"ማን አለህ?"

"እሷ። ቤቷ እንደዚያ ነው የምትሠራው።"

እኔ ይህንኑ ከሐኪም ቤት በወጣ ሳምንት ነግሬው ነበር። ያን ቀን ድስቱን ያስቀመጥኩበት ሁኔታ ልጆቹን ቀና አድርጓቸዋል።

ጎረቤቶችም አልተዉኝም። ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ አንዷ "ባልሽ እኮ ጎረምሳ ሆነ! ምን አበላሽው?" አለችኝ። ሌላዋ ዝም ብላ ፈገግ አለች። ከንግግሩ ይልቅ ያቺ ፈገግታ እቤት ድረስ ተከተለችኝ።

ሴትዮዋን መንገድ ላይ ሳገኛት አንቱ እላት ጀመር። ከእኔ ብዙም አትበልጥም፣ ግን ሆን ብዬ ነው፤ አንቱ ስላት እንድታረጅልኝ። "እንደምን አደሩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?" እላታለሁ። እሷ "አንቺ በይኝ እንጂ እቴ" ብላ ትስቃለች። ጥርሷ የሚያምር ሆኖ አገኘሁት፤ ለዚያም ተናደድኩ።

አንድ እራት ላይ አልቻልኩም።

"ምንድን ነው የምታወሩት?"

"ምንም። ወሬ ነዋ። ስለ አገር ቤት፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ሰው።"

"በአማርኛ አይወራም?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያኔ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ቅናት ነው እንዴ?"

"ሰፈሩ በሚስቱ ሲስቅ አንድ ሰው ዝም ይላል ወይ ነው የምለው።"

"አንቺን አልጠራሁሽም?" አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። "በሩ ላይ ቆሜ አልጠበቅኩሽም? ደከመኝ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

እሱ ሲተኛ እኔ ጣራውን ሳይ ቆየሁ። የሚገርመው፣ ያናደደኝ እሷ ብቻ አልነበረችም። እስትንፋሱ ነበር። የታመመው ሰው በሰላም ይተነፍሳል፣ ጤነኛ የተባልኩት እኔ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሸራ ጫማ አድርጌ በሩ ላይ ቀድሜው ቆምኩ። "እኔም እመጣለሁ" አልኩ። ባሌ ገርሞት "ዛሬ እስከ ዘንገና ነው፤ በባጃጅ ሄደን ሐይቁን ልንዞር። ረዘም ይላል" አለኝ።

"ይርዘም።"

እሷ ስታየኝ ደስ አላት። የእውነት ደስታ ነበር፤ ያም አልጣመኝም። ዘንገና ስንደርስ ሐይቁ ከታች በጉሙ ውስጥ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ቀጭኗ የእግር መንገድ በዛፎቹ መሃል ሽቅብ ትወጣለች። እነሱ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ማውራት ጀመሩ። ወሬው ደርቆ ቀረ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንች ዋጋ። እኔ ከመጣሁ ያ ሳቅ የለም። ይህን ሳስብ እልህ ያዘኝና ቀደምኳቸው።

ዳገቱን ሳልጨርስ ልቤ ደረቴን ይደበድበው ጀመር። አየር አጠረኝ። እግሬ የራሴ አልመስል አለኝ፣ ዛፎቹ ጠቆሩ። አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ያልኩት ወድቄ ይሁን ተቀምጬ አላስታውስም። ዓይኔን ስገልጥ የልብ በሽተኛውና የስኳር በሽተኛዋ ከበላዬ ቆመው ያዩኛል። ሁለቱም ደህና ይተነፍሳሉ።

"ቀስ በይ እቴ፣ ቀስ በይ" እያለች ከጠርሙሷ ውኃ አጠጣችኝ። ራሴን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ልገፋት ፈልጌ ነበር፤ ጉልበት አልነበረኝም።

ባሌ ፊቱ አመድ መስሏል። በዚያች ሰዓት ወደ ገበያ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በፈረስ ደረሰ። በአዊኛ አነጋገሩት። ወዲያው ወርዶ፣ ፈረሱን ወደ አንድ ድንጋይ አስጠጋው፤ እኔን አንስተው አወጡኝ። ባሌ ባጃጅ ሊይዝ ወደ አስፋልቱ ቀደመ። "አትሩጥ!" ብላ ጮኸችበት ሴትዮዋ፣ በአማርኛ። አልሮጠም፤ ግን እንደዚያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም።

ሽማግሌው ፈረሱን ይስባል፤ እሷ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ በጎኔ ትሄዳለች። እኔ ከላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጫለሁ። ከመቅናቴ በላይ አፈርኩ።

"እንደምትጠይኝ አውቃለሁ" አለችኝ ድንገት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እጠላሽ ነበር።"

የፈረሱን ጋማ ጨበጥኩ።

"ግን የሚያስጠላ ነገር የለም። የሚያወራኝ ስለ አባቱ ነው።"

"ስለ አባቱ ምን?"

ቀና ብላ አየችኝ። "አልነገረሽም? አባቱ እርሻ ላይ ወድቀው የሞቱት አሁን እሱ ባለበት ዕድሜ ነው። እሱ ልጅ ሆኖ ምሳ ሊያደርስ ሄዶ ነው ያገኛቸው። አሁን ማታ ሲተኛ ሳልነቃ ብቀርስ እያለ ይፈራል። መንገድ ላይ ያን እያወራ ነው የሚቀለው። ደግሞ የመንደራችንን ሰው አንስተን እንስቃለን።"

አማቴ በልብ ድካም እንደሞቱ አውቅ ነበር። ማን እንዳገኛቸው አላውቅም ነበር። ባሌ በየማታው ጎኔ ተኝቶ እንደሚፈራም አላውቅም ነበር።

"ለምን ለእኔ አልነገረኝም?"

"እንዳትደነግጪ ይሆናል። እንጃ። በአማርኛ ሊለው አልቻለም መሰለኝ።"

ልቤ ይረጋል ብላ ነበር የነገረችኝ። አልረጋም። እጇን ይዞ ቢሆን ኖሮ የምጮህበት ነገር ይኖረኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ይፈርድልኝ ነበር። ፍርሃቱን ለሌላ ሴት ሰጠብኝ ብዬ ማን ዘንድ እሄዳለሁ? በፈረሱ ላይ እንባዬ ወረደ። ሽማግሌው ያመመኝ መስሎት ፈረሱን አዘገየው።

ሰኞ ሐኪም ቤት ሄድኩ። የመረመረችኝ ሴት የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ደም አስቀዳችኝ። ልቤ ደህና ነው። የደም ማነስ ነው፣ ያውም የበረታ። "የወር አበባሽ ይበዛል?" አለችኝ። ከዓመታት ወዲህ ይበዛል፤ የሴት ዕጣ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። "ሻይስ?" አለችኝ። ከምግብ ጋር፣ ከምግብ በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ። የብረት ኪኒን አዘዘችልኝ፤ ሻይና ቡና ከምግብ እንዳርቅ፣ ጎመንና ምስር እንዳበዛ ነገረችኝ፤ ለደሙም ሌላ ምርመራ ቀጠረችኝ። "ደም ሳይሞላ ዳገት አይወጣም" አለች። "ቀስ ብለሽ በሜዳው ጀምሪ።"

የዚያን ዕለት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባሌን "አባትህን ያገኘሃቸው አንተ ነህ?" አልኩት።

የከፈተውን ሬዲዮን ድምፅ ቀነሰው። "እሷ ነገረችሽ?"

"እሷ ነገረችኝ።"

"ባትነግርሽ ጥሩ ነበር።"

"አንተ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር።"

ሬዲዮኑን ዘጋው። "ሐኪም ቤት ስትወስጂኝ እንዴት እንደፈራሽ አይቻለሁ" አለኝ። "እፈራለሁ ብልሽ ማን ይይዘናል? አንዳችን መቆም አለብን ብዬ ነው።" ከዚያ ነገረኝ። ምሳው ምን እንደነበረ፣ በሬዎቹ ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ ቆመው እንደጠበቁ። አማርኛው እየተሰናከለበት፣ አንዳንዱን ቃል በአዊኛ እየጨረሰ ነገረኝ። ትርጉሙን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሆነን ወጣን። እኔ ሜዳው ላይ፣ በዝግታ፤ እነሱ ለእኔ እያዘገሙ። ኪኒኑ መሥራት ሲጀምር መጀመሪያ የተሰማኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ከቢሮ በባጃጅ መመለስ ተውኩ። እንቅልፌ እንቅልፍ ሆነ። አዊኛም እንድታስተምረኝ ለመንኳት፤ እውነቱን ለመናገር በጆሮዬ ሥር የማይገባኝ ነገር እንዳያልፍ ብዬ ነው። የዛፉን፣ የተራራውን፣ የዝናቡን ስም ትነግረኛለች፤ እኔ ስደግመው ሁለቱም ቆመው ይስቃሉ። አንቱ ማለቱንም ተውኩ። የአዊኛው ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አይመጣልኝም።

ቅናቱ ግን አለቀ አልልም። ዳገት ላይ ስታወራ እስትንፋሷ አይቆራረጥም፤ በዚያ እቀናለሁ። ባሌ መድኃኒቱ ሲቀየርለት አስቀድሞ ለማን ይነግር ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ቀን ለእኔ ነው፣ አንዳንድ ቀን ለእሷ። ለእሷ የሆነ ቀን ወጡ ውስጥ ጨው አይበዛም እንጂ ቃሪያው ይበዛል።

ልጇ ስትወልድ ሴትዮዋ ዕቃዋን ጠቅልላ ዳንግላ ገባች። እዚያው ጨርቋን ልትሸጥ፣ የልጅ ልጇን ልታሳድግ። በሄደች ማግስት ባሌ ሸራ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ቆመና መንገዱን ወደ ወፍጮ ቤቱ በኩል አየ። እንዳዘነ አየሁ፤ ለሐዘኑም ቀናሁ። ግን እኔም ወደዚያው እያየሁ ነበር።

የልጁ ክርስትና ሲደርስ በሚኒባስ ዳንግላ ሄድን። አቅፋ አስገባችን፣ አብልታ አጠጣችን። አማረባት። እኔን ከላይ እስከ ታች አይታ "ቀላሽ! ደም ገባብሽ!" አለች፤ ተደሰትኩ። ወዲያው አንዲት ሸምገል ያለች ወፍራም ሴት አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

"ይቺ የመንገድ ጓደኛዬ ናት" አለችን። "በየማለዳው ከከተማው ወጥተን እንመለሳለን። በሳቅ ነው የምትገለኝ!"

ሁለቱ ተያዩና ስለ አንድ የማናውቀው ነገር ሳቁ። ሳቋ የማውቀው ሳቅ ነው። ልጎርስ ያነሳሁትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት። ወደ ባሌ ዞር ስል እሱም ብርጭቆውን ይዞ መሬት መሬት ያያል።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"አየሻት ያቺን ሴትዮ?" አለኝ ባሌ።

"አየኋት።"

"ያን ውፍረት ይዛ ቶሎ አትራመድም። ለስኳር ደግሞ ዘገምተኛ ጓደኛ አይሆንም።"

"በፍጹም አይሆንም" አልኩ። "ብዙም የሚያስቅ ነገር አላየሁባት።"

"እኔም" አለ ባሌ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ።